ማረሻው አፍንጫችን ውስጥ ነው፦ ስለ ራስና አንገት አናቶሚ እንግሊዝኛ ለሕክምና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ ልጆች! ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ። የፊተኛው ረድፍ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ አስተማሪ ይናከሳል የተባለ ይመስል። ኑ፣ አልናከስም።

የጋበዙኝ ልጆች «ስለ ራስና አንገት አናቶሚ እንግሊዝኛ ይናገሩልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሐኪም ስለ እንግሊዝኛ ምን ይናገራል? ከዚያ ራሴን አስታወስሁና ሳቄ ቆመ። እኔም በእናንተ ቦታ ሳለሁ የጣለኝ አናቶሚው አልነበረም። እንግሊዝኛው ነው። ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የራስና አንገት ፈተናዬ ነው። ወረቀቱን ገለጥሁ። ጥያቄ 1፦ «ትሬስ ዘ ኮርስ ኦፍ ዘ ፌሻል ነርቭ» ይላል። ፌሻል ነርቭን፣ የፊቱን ነርቭ፣ አውቀዋለሁ። ሌሊቱን ከእሱ ጋር ነው ያደርሁት። «ኮርስ» የሚለው ቃል ላይ ግን ቆምሁ። ለእኔ ኮርስ ማለት የትምህርት ዓይነት ነው። ፊዚክስ ኮርስ ነው። ኬሚስትሪ ኮርስ ነው። የነርቭ ኮርስ ደግሞ ምንድን ነው? አጠገቤ ያለው ልጅ ይጽፋል፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። ዝም ከማለት ብዬ ቅርንጫፎቹን ደረደርሁ። የሚያንቀሳቅሳቸውን ጡንቻዎች ደረደርሁ። ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ የት እንደሚደርስ ግን አንድ መስመር አልጻፍሁም። ለካ የተጠየቅሁት እሱን ብቻ ኖሯል! ኮርስ ማለት መንገድ ነው። ወንዝ የሚሄድበት መንገድ፣ መርከብ የሚሄድበት መንገድ፣ ነርቭ የሚሄድበት መንገድ። መልሱን እያወቅሁ ወደቅሁ። እንዲህ ያለ ውድቀት ያንገበግባል።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የምታውቋቸው የሚመስሏችሁ ግን የማታውቋቸው ቃላት። ሁለተኛ፣ የማታውቋቸው የሚመስሏችሁ ግን የምታውቋቸው ቃላት። ሦስተኛ፣ ከታካሚ ጋር የምትነጋገሩበት እንግሊዝኛ። ጊዜ ከተረፈ ስለ አነባበብም ጥቂት እላለሁ። እንደማይተርፍ ከወዲሁ አውቃለሁ።

እሺ፣ አንደኛ።

የሚጥላችሁ ረጅሙ ቃል ይመስላችኋል? አይደለም። ረጅሙን ቃል ትፈሩታላችሁ፣ ስለምትፈሩት ትጠይቃላችሁ፣ ስለምትጠይቁ ታውቁታላችሁ። የሚጥላችሁ አጭሩ ነው። ከድሮ ጀምሮ የምታውቁት፣ ሰላም ብሎ የሚያልፋችሁ ቃል።

ፕሮሰስን ውሰዱ። ፕሮሰስ ሂደት ነው፣ አይደል? እስቲ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ አድርጉ። ሁላችሁም፣ አንተ ስልክህን የምታየውም። እዚያ ያለው ጠንካራ ጉብታ ማስቶይድ ፕሮሰስ ይባላል። የሚሄድ ነገር አለ? ምንም የለም። ፕሮሰስ በአናቶሚ ከአጥንት ገፍቶ የወጣ ነገር ነው። ላቲኑ «ወደ ፊት መውጣት» እንደ ማለት ነው፤ አጥንቱ ወጣ አለ፣ በቃ። መጽሐፋችሁ ላይ «ኮሮኖይድ ፕሮሰስ»፣ «ስታይሎይድ ፕሮሰስ» ሲል ሂደት አትፈልጉ።

ኮመን ካሮቲድ አርተሪ፣ አንገት ውስጥ የሚወጣው የደም ሥር። አንድ ተማሪዬ «ተራው ካሮቲድ» ብሎ ተረጎመልኝ። «ታዲያ ልዩው የት አለ?» አልሁት። ሳቀ፣ ግን መልስ አልነበረውም። ኮመን እዚህ ላይ ተራ ማለት ሳይሆን የጋራ ማለት ነው። አንድ ግንድ ሆኖ አንገት ውስጥ ይወጣል፤ ማንቁርት ላይ ያለው ልም አጥንት፣ ታይሮይድ ካርቲሌጅ፣ የላይኛው ጠርዝ አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ኢንተርናል፣ አንዱ ኤክስተርናል። ከመከፈሉ በፊት የሁለቱ የጋራ ነው። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ሆድ ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ ኮመን የሚል ስም ስታዩ «እዚህ የሚከፈል ወይም የሚገናኝ ነገር አለ» ትላላችሁ። ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። ደግሞ ኤክስተርናል ሲባል ከቆዳ ውጭ የተንጠለጠለ እንዳይመስላችሁ። ኢንተርናሉ ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይገባል። ኤክስተርናሉ በዋናነት ውጭ ያለውን ይመግባል፤ ፊትን፣ መንጋጋን፣ የራስ ቆዳን።

አሁን የምወደው። ሜንታል ነርቭ።

አብሮኝ የሚያጠና ጓደኛ ነበረኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከእኔ ይበልጣል። አንድ ማታ በጣም ተጨንቆ «ጥርስ ሐኪሞች ሜንታል ነርቭን በመርፌ ያደነዝዛሉ ይላል። ሰውየው ራሱን አይስትም?» አለኝ። እኔም አብሬው ተጨነቅሁ! ሁለት የሕክምና ተማሪዎች፣ እኩለ ሌሊት፣ ስለ አእምሮ ነርቭ እየተወያየን ነው። እንዲህ ያለ ነርቭ የለም። ሜንተም በላቲን አገጭ ነው። ሜንታል ነርቭ የአገጭ ነርቭ ነው፤ የታችኛውን ከንፈርና የአገጭን ቆዳ ስሜት ይወስዳል። የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ሜንታል ፎራመን፣ ከታችኞቹ ፕሪሞላር ጥርሶች ሥር አካባቢ ነው። የአእምሮው ሜንታል ከሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲደርሱ መልካቸው አንድ ሆነ። ሰብሜንታል የሚል ስትሰሙ እንግዲህ «ከአእምሮ በታች» አትሉም፤ ከአገጭ ሥር ነው።

ሪከረንት ላሪንጂያል ነርቭም እንደዚያው ነው። ሪከረንት ስንል ተመላልሶ የሚመጣ በሽታ ትዝ ይለናል። ይህ ነርቭ በሽታ አይደለም። ሪከረንት የተባለው ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚሮጥ ነው። ከቬገስ ነርቭ ይነጠልና ማንቁርት ጋ ለመድረስ ዞሮ ይመጣል። የግራው ደረት ውስጥ ወርዶ ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ሥር፣ በአኦርታ፣ ቅስት ሥር ይጠመዘዛል፤ የቀኙ በሰብክሌቪያን አርተሪ ሥር ይጠመዘዛል። ከዚያ ሁለቱም ወደ ላይ ይመለሳሉ። ቀጭኔ ላይ ይኸው ነርቭ አንገቷን ሙሉ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ብዙ ሜትር መንገድ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ለሚርቅ ቦታ! (ቀጭኔ ካነሣን አይቀር፣ አንገቷ ላይ ያሉት አጥንቶችም እንደኛው 7 ናቸው። ረዘሙ እንጂ አልበዙም።)

የዚህን ነርቭ ነገር ያሳየው የጥንቱ ሐኪም ጌለን ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ በሰው ፊት የሚጮህ አሳማ አቀረበ። ይህን ነርቭ ሲያስረው አሳማው ዝም አለ። ትንፋሹ አለ፣ ድምፁ የለም። ዛሬም የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ይህን ነርቭ እየፈለገ፣ እየጠበቀ ነው የሚሠራው። ከተጎዳ የታካሚው ድምፅ ይጎረናል። እንግዲህ «ሪከረንት» የሚለውን ቃል በትክክል መረዳት ፈተና ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ቢላ የት መቆም እንዳለበት የሚናገር ቃል ነው።

ጊዜዬን እየበላሁ ነው። ጥቂቶቹን በሩጫ ልበላቸው። ሱፒሪየር የተሻለ ማለት አይደለም፣ የላይኛው ነው። ዲፕ ቱ ማለት በጣም ጥልቅ ማለት አይደለም፤ ከዚህኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ማለት ነው። ኢንተርናል ጁጉላር ቬይን ከስተርኖክላይዶማስቶይድ ጡንቻ «ዲፕ ቱ» ነው ሲባል ጡንቻውን ስታነሡ ከሥሩ ታገኙታላችሁ ማለት ነው። ሪሌሽንስ ዘመዶች አይደሉም፣ ጎረቤቶች ናቸው። ቴምፖራል ጊዜያዊ አይደለም፣ የጆሮ ግንድ አካባቢ ነው። ቤሊ ሆድ ነው፣ ግን የጡንቻ ሆድ፤ ዳይጋስትሪክ ሁለት ሆድ ያለው ጡንቻ ነው። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ደግሞ ራሱን የቻለ ሄድና ኔክ አለው። ራስ ውስጥ ያለ አጥንት ራስና አንገት አለው! እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።

ከሁሉ በላይ ግን ግሦቹ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

የአናቶሚ መጽሐፍ ሺህ ስም አለው፣ ግሡ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አራይዝ፣ ራን፣ ፓስ ስሩ፣ ፒርስ፣ ጊቭ ኦፍ፣ ዲቫይድ፣ ሰፕላይ፣ ድሬን፣ ኢንሰርት። ይነሣል፣ ይሮጣል፣ አቋርጦ ያልፋል፣ ይበሳል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ይከፈላል፣ ይመግባል ወይም ያዛል፣ ያፈስሳል፣ ይተከላል። እነዚህን በሚገባ ያወቀ ግማሹን መጽሐፍ አንብቧል።

አንድ ምሳሌ። ፌሻል ነርቭ ፓሮቲድ በሚባለው የምራቅ እጢ ውስጥ «ፓስ ስሩ» ያደርጋል። ያልፋል። ታዲያ እጢውን ይመግባል? «ሰፕላይ» ያደርጋል? አያደርግም! እጢው ምራቅ እንዲያመነጭ የሚያዘው ከአንጎል ከሚወጡት ነርቮች ከ9ኛው፣ ከግሎሶፋሪንጂያል የሚመጣ ነው። ፌሻል ነርቭ መንገደኛ ነው። በሰው ግቢ አልፎ ይሄዳል፣ ቤቱን አያስተዳድርም። በየዓመቱ ይህን ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ በየዓመቱ ብዙ ልጅ ይወድቅበታል። አሁን ነገርኋችሁ፣ ሰበብ የላችሁም።

ሌላ። ጉንጭ ውስጥ ባክሲኔተር የሚባል ጡንቻ አለ። ባካል ነርቭ፣ ከትራይጀሚናል የሚመጣው፣ ጡንቻውን «ፒርስ» ያደርጋል፣ ይበሳዋል። የሚያንቀሳቅሰው ግን እሱ አይደለም፤ የፌሻል ነርቭ ባካል ቅርንጫፍ ነው። ሁለት ባካል፣ አንዱ ይበሳል አንዱ ያዛል። ግሡን ያላየ ተማሪ እዚህ ጋ ምን ይውጠዋል?

እስቲ አሁን ያን የወደቅሁበትን ጥያቄ ልመልስ። ዘግይቷል፣ ግን ይሁን። ፌሻል ነርቭ ከአንጎል ግንድ፣ ፖንስና ሜደላ ከሚገናኙበት ቦታ ይነሣል። ኢንተርናል አኩስቲክ ሚኤተስ ውስጥ ይገባል። ቴምፖራል አጥንት ውስጥ በፌሻል ካናል ይሄዳል። በስታይሎማስቶይድ ፎራመን ይወጣል። ፓሮቲድ ውስጥ ገብቶ 5 ቦታ ይከፈላል። የፊት ገጽታ ጡንቻዎችን ያዛል። ስድስት ዓረፍተ ነገር፣ ስድስት ግሥ። ይኸው ነው ኮርስ። አምስቱን ቅርንጫፎች ለማስታወስ በእንግሊዝኛ የሚማሩ ተማሪዎች «ቱ ዚብራስ ቢት ማይ ካት» ይላሉ፤ ሁለት የሜዳ አህዮች ድመቴን ነከሷት። ቴምፖራል፣ ዛይጎማቲክ፣ ባካል፣ ማንዲቡላር፣ ሰርቫይካል። የሜዳ አህያ ድመት እንደማይነክስ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማይረሳው።

ሁለተኛ። ወደ ረጅሞቹ ቃላት እንሂድ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የራስ ቅልን ስሞች ያወጣቸው ግን መልአክ አይመስለኝም። ገበሬና ፈረሰኛ ተቀምጠው ያወጧቸው ይመስላሉ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ልንገራችሁ።

አፍንጫችንን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ የኋላና የታች ክፍሉ ቮመር የሚባል ስስ አጥንት ነው። ቮመር በላቲን ምን ማለት ነው? ማረሻ! ቅርጹን እዩት፣ ማረሻ ነው። የጉንጫችን አጥንት ዛይጎማቲክ ነው። ዛይጎን በግሪክ ቀንበር ነው። ፊትንና ራስ ቅልን እንደ ሁለት በሬ ያጣምዳል። ማረሻው አፍንጫ ውስጥ፣ ቀንበሩ ጉንጭ ላይ። በሬው ብቻ ነው የጠፋው።

ፈረሰኛውስ? የራስ ቅል መሠረት ላይ፣ ስፊኖይድ አጥንት መሐል፣ ፒቱታሪ እጢ የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ሴላ ተርሲካ ይባላል፤ የቱርክ ኮርቻ። እርካቡን ፈልጉ። ጆሮ ውስጥ ነው! ስቴፒስ ማለት እርካብ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ከሰውነታችን አጥንት ሁሉ ትንሿ። ከወዲያ ጫፍ ማሊየስ አለ፣ መዶሻ። መሐል ላይ ኢንከስ አለ፣ ቀጥቃጭ ብረት የሚመታበት መስፍ። ከውጭ ቲምፓኒክ ሜምብሬን፣ ከበሮ። ከውስጥ ኮክሊያ፣ ቀንድ አውጣ።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ተማሪ ሳለሁ «ማሊየስ ኢንከስ ስቴፒስ» እያልሁ እንደ ጸሎት እደግመው ነበር። ትርጉም አልነበረውም። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያረጀ የላቲን መዝገበ ቃላት አገኘሁና ለጨዋታ ያህል «ስቴፒስ» ብዬ ፈለግሁ። እርካብ ይላል። ወደ ስዕሉ ተመለስሁ። እውነትም እርካብ! እግር የሚገባበት ቀዳዳ ሳይቀር አለ። ያን ቀን ማታ አልተኛሁም። ስሞቹን አንድ በአንድ ስፈታ አደርሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሸምድጄ አላውቅም።

እስቲ «ኦይድ» በሚል የሚያልቁትን እንፍታ። ኦይድ ማለት መሰል ነው። በቃ፣ «የሚመስል»። ኤትሞይድ፣ ወንፊት መሰል፤ እውነትም የማሽተት ነርቭ ክሮች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ስፊኖይድ፣ ሽብልቅ መሰል፤ ከሌሎቹ አጥንቶች መሐል ተሰንቅሯል። ታይሮይድ፣ ጋሻ መሰል፤ ማንቁርትን ከፊት ይከልላል። ታይሮይድ እጢ ስሟን ከዚህ ካርቲሌጅ ነው የወሰደችው፤ እሷ ራሷ ጋሻ ሳይሆን ቢራቢሮ ነው የምትመስለው። ክሪኮይድ፣ ቀለበት መሰል። ቴሪጎይድ፣ ክንፍ መሰል። ሃዮይድ፣ የግሪኩን ፊደል ኡፕሲሎንን መሰል፤ ከሌላ አጥንት ጋር ሳይገጣጠም አንገት ውስጥ በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥሎ የሚኖር ብቸኛ አጥንት። ማስቶይድ፣ ጡት መሰል። ቅድም የነካችሁት። አትሳቁ፣ የጥንቶቹ ሰዎች ያዩትን ነው የጻፉት።

አንዳንዱ ስም ደግሞ አድራሻ ነው። ስተርኖክላይዶማስቶይድ። ስንት ሰው ይህን ስም ሲያይ መጽሐፉን ዘግቷል? አትዝጉት፣ ቁረጡት። ስተርኖ፣ ከስተርነም፣ ከደረት አጥንት። ክላይዶ፣ ከክላቪክል፣ ከደረት ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት። ማስቶይድ፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ጡንቻው ከደረት አጥንትና ከክላቪክል ተነሥቶ ማስቶይድ ላይ ይተከላል። መነሻውና መድረሻው ስሙ ላይ ተጽፏል! እጃችሁን የቀኝ ጉንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ፊታችሁን ወደ ቀኝ ግፉ። በግራ በኩል ገመድ የመሰለ ነገር ተወጠረ? እሱ ነው። የግራው ጡንቻ ፊትን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ የቀኙ ወደ ግራ። ይህን ደግሞ ስሙ አይነግራችሁም፣ አንገታችሁ ይነግራችኋል።

ጂኒዮግሎሰስ፦ ጂኒዮ አገጭ፣ ግሎሰስ ምላስ። ሃይፖግሎሳል፦ ሃይፖ ከሥር፣ ከምላስ ሥር። ትራይጀሚናል፦ ሦስት መንትያ። ቬገስ፦ ተንከራታች፤ ከራስ ቅል ወጥቶ ሆድ ድረስ ይዞራል። አገኛችሁት? ግሎስ የሚለውን አንድ ጊዜ ካወቃችሁ አምስት ስም በነጻ ታገኛላችሁ።

የፊት ጡንቻዎች ውስጥ አንድ ትንሽ ጡንቻ አለች፤ ስሟ ከሷ ይረዝማል። ሌቬተር ላቢያይ ሱፒሪዮሪስ አሊኪ ናዛይ። ስሙን ስጠራ ትንፋሽ ያጥረኛል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ የላይኛውን ከንፈርና የአፍንጫን ክንፍ የምታነሣ። መጥፎ ሽታ ሲሸታችሁ ፊታችሁ ምን ይሆናል? እሷ ናት።

ፓሮቲድ ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ስጦታ ነው። ፓራ አጠገብ፣ ኦት ጆሮ። ጆሮ አጠገብ ያለ እጢ። ይህ እጢ በቫይረስ ሲያብጥ በአማርኛ ምን እንላለን? ጆሮ ደግፍ! የግሪኩም ሰው፣ የኛም ሰው፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ ጆሮውን አይቶ ስም አወጣ። እንግዲህ ይህ ቋንቋ ባዕድ ነው የሚለኝ ማነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ስሞቹ በዙብን ትላላችሁ። ከእናንተ በፊት የነበሩት ምን ይበሉ? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የአናቶሚ ስሞች ነበሩ። አንዱን ነገር እያንዳንዱ አገር በየራሱ ይጠራዋል። በ1895 እ.ኤ.አ. የአናቶሚ ሊቃውንት ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ላይ ተሰብስበው ወደ 5 ሺህ ገደማ አወረዱት። የተረፈላችሁን ነው የምታነቡት። አሁንም ግን በሰው ስም የሚጠሩ አሮጌ ስሞች በየዋርዱ ይሰማሉ። መጽሐፉ «ፋሪንጎቲምፓኒክ ቲዩብ» ይላል፣ ሐኪሙ «ዩስቴሺያን ቲዩብ» ይላል። አንድ ናቸው። የእኔ አስተያየት? ገላጩን ስም አጥኑ፣ የሰውየውን ስም ደግሞ እንዳትደናገሩ ያህል እወቁት። ዩስቴሺያን ስትሉ አንድ ጣሊያናዊ ነው የምታስታውሱት፤ ፋሪንጎቲምፓኒክ ስትሉ ግን ቱቦው ከጉሮሮ ወደ ከበሮው እንደሚሄድ ታያላችሁ።

ሦስተኛ፣ ታካሚው።

እስካሁን ያልሁት መጽሐፍ ለማንበብ ነው። አሁን መጽሐፉን ዝጉት። የመጽሐፉን እንግሊዝኛ ለታካሚ የተናገረ ሐኪም ታውቃላችሁ? እኔን ነው የምታውቁት።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ነበርሁ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ታካሚ ደረሰኝ። ፈታኙ አጠገቤ ቆሟል። የትራይጀሚናልን የሞተር ክፍል መመርመር አለብኝ። ማሲተር ጡንቻን ለመንካት ሰውየው ጥርሱን መንከስ አለበት። በኩራት «ፕሊዝ፣ ማስቲኬት» አልሁት። ሰውየው አየኝ። ደገምሁት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ደንቆሮ ያልሁት መሰለው። በመጨረሻ ነርሷ ጎንበስ ብላ «ክለንች ዩር ቲዝ» አለችው። ወዲያው ጥርሱን ነከሰ። ፈታኙ ሳቁን አፍኖ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማስቲኬት ስህተት አይደለም፤ ማኘክ ማለት ነው። ግን ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ማስቲኬት አያደርግም። ሰው «ቹው» ያደርጋል።

ስለዚህ የምርመራውን ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። «ፎሎው ማይ ፊንገር፣ ኪፕ ዩር ሄድ ስቲል»፤ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት 3ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ነርቭ። «ክለንች ዩር ቲዝ»፤ 5ኛው። «ሬይዝ ዩር አይብራውስ፣ ክሎዝ ዩር አይስ ታይት፣ ፓፍ አውት ዩር ቺክስ»፤ ቅንድብ አንሣ፣ ዓይንህን ጭፍን አድርግ፣ ጉንጭህን ንፋ፤ 7ኛው። «ሴይ አህ»፤ 9ኛውና 10ኛው። «ሽረግ ዩር ሾልደርስ»፤ ትከሻህን ነቅንቅ፤ 11ኛው። «ስቲክ አውት ዩር ተንግ»፤ 12ኛው፤ ነርቩ ራሱ ከተጎዳ ምላሱ ወደ ተጎዳው ጎን ያዘነብላል። «ፕሮትሩድ» አትበሉ። ስቲክ አውት።

ታካሚውም የራሱ ስሞች አሉት። ላሪንክስ አይልም፣ «ቮይስ ቦክስ» ይላል። ትራኪያ አይልም፣ «ዊንድፓይፕ» ይላል። ክላቪክልን «ኮላርቦን» ይለዋል። «ማይ ግላንድስ አር ስዎለን»፣ እጢዎቼ አብጠዋል፣ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ እጢ ሳይሆን ስለ ሊምፍ ኖድ ነው የሚያወራው። አታርሙት። ተረድታችሁ በራሳችሁ ወረቀት ላይ ትክክለኛውን ጻፉ።

ቀኝና ግራስ? የታካሚው ቀኝ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ፊት ለፊት ስትቆሙ ይገለበጣል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይሳሳትበታል።

አንድ ደግሞ ጆሮዬን ያቀላ። በጉብኝት ላይ ትልቁ ሐኪም «ኦራል ቴምፐሬቸር» አለ። ሮጬ የአፍ ቴርሞሜትር አመጣሁ። ለካ ያለው የጆሮውን ነበር! የአፉ ኦራልና የጆሮው ኦራል ሲጻፉ ይለያያሉ፣ ሲነገሩ ግን ለብዙ ሰው አንድ ናቸው። የኔ ምክር፣ በቃል ስትነጋገሩ ሁለቱንም ተዋቸው። «ባይ ማውዝ»፣ «ኢን ዚ ኢር» በሉ። ጠብታ መድኃኒት አፍ ውስጥ ከሚገባ የልጅ እንግሊዝኛ መናገር ይሻላል።

ሰዓቱን አየሁት። እንዳልሁት አልተረፈም። አነባበቡን በአንድ ትንፋሽ፦ ቃሉ በፒና ቲ ከጀመረ ፒዋ አትሰማም፤ ቴሪጎይድ፣ ቶሲስ። ሲኤች ብዙ ጊዜ «ክ» ነው፤ ትራኪያ እንጂ ትራቺያ አይደለም። ብዙ ቁጥር ሲሆን ኤስ መለጠፍ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ፎራመን ፎራሚና፣ ጋንግሊዮን ጋንግሊያ፣ ኒውክሊየስ ኒውክሊያይ ይሆናል። ላሪንክስን «ላርኒክስ» የምትሉ አላችሁ፤ ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ራስ ቅል ከፊተኛው ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉት። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀዳዳ ይምረጥ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ምን «ፓስ ስሩ» እንደሚያደርግ። ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፣ መንጋጋው በሽቦ ነው የታሰረው። እየዞረ ጥያቄ እንቀበላለን። አንቺ ከኋላ፣ ቅድም ጀምሮ እጅሽን ያነሣሽው፣ ቀጥዪ።